አንድ አንድ ችግር ይዛችሁ ኑ

የእጅ ጽሑፌ አስቀያሚ ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰሙ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ኮሌጅ ሳለሁ ለእናቴ የምጽፈውን ደብዳቤ የምታስነብበው መድኃኒት ቤት ለሚሠራ ጎረቤታችን ነበር፤ የሐኪም ጽሑፍ የለመደ ሰው ይሻላል ብላ። እሱም አንድ ቀን ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ "ደኅና ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ በኋላ ነው የሚለው" አላት። እናቴ ያኔ ምን ታምሜ እንደነበር እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች።

ይህን እጅ ይዤ የአማርኛ መምህር ሆንኩ። የተመደብኩት ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ገና በተከፈተ የሴቶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። ሁለት ረድፍ ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ግራር፤ የቀረው አቧራ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የቀረው ጭቃ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቹ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው በበሩ ሲጎርፉ ግን ሐይቁ ሞልቶ ግቢያችን የገባ ይመስል ነበር። ለዚያች ሰዓት ስል ደመወዜን ይቅር እል ነበር። (አላልኩም እንጂ።)

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተከፈተ ክበባትን የምንከፋፈልበት ስብሰባ ተጠራ። ልምድ ያላቸው መምህራን ቀድመው መጥተው የሥነ ጽሑፉን፣ የስፖርቱን፣ የቀይ መስቀሉን ተቀራመቱ። እኔ የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶ ዘግይቼ ደረስኩ። ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ እልፍነሽ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ "ለአንተ ሚኒ ሚዲያ ቀርቶልሃል" አሉ። የቀሩት መምህራን ሲተያዩ ማስተዋል ነበረብኝ።

የሚኒ ሚዲያው ንብረት አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየርና ግራሩ ላይ የተሰቀለ አንድ የጡሩንባ ድምፅ ማጉያ ነበር። ማጉያው ድምፅ የሚያወጣው አንድ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ሽቦውን በሁለት ጣቱ ወደ ግራ ገፍቶ ከያዘው ብቻ ነው። ሰውዬው እኔ ነበርኩ። ግራር ላይ ወጥታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ እሾሁ ሲወጡም ሲወርዱም አያዳላም።

ዜና አንባቢዋ ፈቲያ ትባላለች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነች፤ አባቷ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ያደገች ልጅ ስለሆነች አንደበቷ ስል ነው፤ ማንንም አትፈራም። የመጀመሪያውን ሳምንት ዜና ራሷ ጽፋ አመጣችልኝ። እንዲህ ይላል፦

"የሁለተኛ ለ ክፍል መምህርት ወንድ ልጅ ወልደዋል። በገመድ ዝላይ ውድድር አምስተኛ ክፍል አራተኛ ክፍልን አሸንፏል፤ አራተኛ ክፍል ግን አላመነም። የሽንት ቤቱ በር ተሠርቷል፤ አሁን ግን አይከፈትም። የሦስተኛ ክፍልን ምሳ ጦጣ ወስዶታል።"

ዛሬ ሳስበው እንዲህ ያለ ዜና ሰምቼ አላውቅም። ያኔ ግን የተማርኩ ሰው ነበርኩ። "ይሄ ዜና አይደለም፤ ወሬ ነው" አልኳትና እኔ በእጄ ጻፍኩላት፦ "በገመድ ዝላይ ዘርፍ ሲካሄድ የቆየው ውድድር በደመቀ ሁኔታ ተጠናቀቀ።" ማን አሸነፈ የሚለውን ረስቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሁ፤ ዜና የምጽፈው እኔ፣ የምታነበው እሷ። "ከተጻፈው ላይ አንዲት ፊደል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።"

"ካልገባኝስ ቲቸር?"

"የተጻፈውን ማንበብ ነው።"

መስከረም እንዲህ አለፈ። ጥቅምት ሲገባ ወይዘሮ እልፍነሽ ቢሯቸው ጠሩኝ። በመስኮቱ ግቢውን እያዩ፣ "ይሄ ራሰ በራ መሸፈን አለበት" አሉ። እኔ ሳላስበው ኮፍያዬን አስተካከልኩ። እሳቸው ግን ስለ ግቢው ነበር የሚናገሩት። ዝናቡ ጨርሶ ሳይወጣ ዛፍ ሊያስተክሉ አስበዋል። ቅዳሜ ከትምህርት መምሪያ አንድ ኃላፊ መጥተው የመጀመሪያዋን ይተክላሉ። ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። "አንድም ወላጅ አልሰማሁም እንዳይል። ሐሙስ በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት አስነብበው" አሉኝ። እሳቸው ሐሙስ ስብሰባ ስለነበራቸው አይኖሩም።

ረቡዕ ማታ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ቃል በቃል ይኸውና፦ "ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዷ ተማሪ ከወላጇ ጋር አንድ አንድ ችግኝ ይዛ እንድትመጣ። ችግኙ አገር በቀል ቢሆን ይመረጣል። ለዚሁ የሚሆን ጉድጓድ በትምህርት ቤቱ በኩል ተዘጋጅቷል።" አጭር፣ ግልጽ፣ ማንም የሚረዳው ነው። ማለቴ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ እንዲያ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ ተዘመረ፣ እኔ ዛፌ ላይ ወጣሁ። ሽቦውን ወደ ግራ ገፍቼ ስይዝ ፈቲያ በቢሮው መስኮት አንገቷን አወጣችና ወረቀቱን እያውለበለበች ጮኸች።

"ቲቸር! ችግር ነው?"

እኔ እሾህ ክንዴን ወግቶኝ፣ አንድ እግሬ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጅቷ አዘነችልኝ ብዬ አሰብኩ።

"ችግር ነው እንጂ!" አልኳት። "አንቺ ግን አንብቢ!"

"እርግጠኛ ነህ ቲቸር?"

"አንብቢ አልኩሽ፣ ልወድቅ ነው!"

አነበበች። ማጉያው ከጆሮዬ አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው፤ የሰማሁት የሐይቅ ማዕበል የሚመስል ጩኸት ብቻ ነበር። ስወርድ ልጆቹ በሰልፍ ላይ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ የሒሳብ መምህር ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ "ደፋር ነህ። ጊዜውም ነው" አለኝ። ስለ ዛፍ ተከላ የሚያስብ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። የግቢው ጥበቃ ጋሽ ሀሜሶ አርባ ጉድጓድ ቆፍረው አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ወይዘሮ እልፍነሽ አዲስ ቱታ ለብሰው፣ ነጭ የእጅ ጓንት አድርገው በሩ ላይ ይጠብቃሉ። እኔ በፊት በኩል ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ።

ወላጆች መጡ። እንዲህ ያለ የወላጅ ብዛት አይተን አናውቅም፤ ለወላጅ ስብሰባ ስንጠራቸው ከአሥር አንዱ ነው የሚመጣው። ዛሬ አባት ከእናት ጋር፣ አያት ጭምር፣ አንዳንዱም ምንም ልጅ የሌለው ጎረቤት። ሁሉም ክት ልብሱን ለብሶ፣ ሁሉም ፊቱ ከብዶት፣ እኔ እስካየሁት ሁሉም ባዶ እጁን።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከፊት የቆመችውን ወጣት እናት ጠጋ አሏት።

"የአንቺስ የት አለ?"

"ቤት ነው ያለው እትዬ። ይዤው ልምጣ ብል አልተመቸኝም።"

"ትልቅ ነው እንዴ?"

"ትልቅ ነው። ስድስት ዓመት ሆነው።"

"ስድስት ዓመት! ታዲያ አሁን እንዴት ይነቀላል?"

"እኔስ እሱን አይደል የምለው!" ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጎረቤቱ ሁሉ ቻይው ነው የሚለኝ።"

"ከየት ነው ያገኘሽው?"

"ከባለቤቴ ጋር ነው የመጣው።"

"ይሁን እሺ። አገር በቀል ነው?"

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች። "የዲላ ሰው ናቸው" አለች።

"እነማን?"

"አማቴ።"

ወይዘሮ እልፍነሽ ጓንታቸውን አንድ በአንድ እያወለቁ ወደ እኔ ዞሩ። ፈቲያ ወረቀቱን ከደብተሯ መሐል አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ወደፊት ጥያቄ ይመጣል ብላ አስቀምጣው ኖሯል። እሳቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። "አንተው አንብበው" አሉ።

አነበብኩት። ችግር ነው የሚለው። አልዋሻችሁም፤ እኔ ራሴ የጻፍኩትን፣ ምን እንደጻፍኩ እያወቅሁ፣ ሳነበው ችግር ነው የሚለው። "ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዷ ተማሪ ከወላጇ ጋር አንድ አንድ ችግር ይዛ እንድትመጣ። ችግሩ አገር በቀል ቢሆን ይመረጣል።"

ከኋላ አንድ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። "ወንድሜ ዓረብ አገር ሄዶ የገጠመው ችግርም ነበር። አገር በቀል ስለተባለ ያንን ትቼ የቤቴን ብቻ ነው ያመጣሁት። ልክ ነኝ?"

ሌላዋ ደግሞ ጉድጓዶቹን በሥጋት እያየች ጋሽ ሀሜሶን ጠየቀች። "ይሄ ሁሉ ጉድጓድ ለምንድን ነው?"

ጋሽ ሀሜሶ እንደ ሁሉም ሰው ማስታወቂያውን ሰምተዋል። አካፋቸውን እንደያዙ፣ "ችግሩ ተነግሮ ሲያልቅ ይቀበራል" አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ያ ጥግ ላይ ያለው የእኔ ነው። ትንሽ ጠለቅ አድርጌዋለሁ" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ አርባ ቦታ ተከፍታም ነበር። የት እንደምገባ ሳማርጥ የመምሪያው መኪና በበሩ ገባ።

እዚህ ላይ ስለ ወይዘሮ እልፍነሽ አንድ ነገር ልናገር። እኚህ ሴት አንድ ጊዜ የክፍል ጣሪያ በነፋስ ሲነሳ ሕፃናቱን "አሁን ስለ ሰማይ እንማራለን" ብለው ያረጋጉ ሰው ናቸው። ኃላፊው ከመኪና እስኪወርዱ ያለችውን ያህል ጊዜ ተጠቀሙ። "ወንበር ከየክፍሉ ይውጣ! ሁሉም ይቀመጥ! ጠረጴዛ ወዲህ! መዝጋቢ..." ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈና ቶሎ ተነሳ። "ፈቲያ ትጻፍ።"

ኃላፊው ተሰብስቦ የተቀመጠውን ሕዝብ ሲያዩ ተገረሙ። "ተከላ መስሎኝ ነበር" አሉ።

"ከተከላው በፊት የወላጆችን ችግር ብንለይ ብለን ነው" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ፣ የዓመት ዕቅዳቸውን የሚያነቡ ያህል ረጋ ብለው።

ኃላፊውም ተቀመጡ። ሰው ተራ በተራ እየተነሳ መናገር ጀመረ። የውሃ ችግር መጣ፣ የደብተር ችግር መጣ፣ "ልጄ ትምህርት ቤት የተማረችውን እንግሊዝኛ በእኔ ላይ ነው የምትለማመድብኝ" የሚል መጣ። የዲላዋ አማት ስሟ በአደባባይ መነሳቱን ሰምታ ኖሮ በባጃጅ ደረሰች። "እሷ ተናግራ እኔ ልቅር?" ብላ ከምራቷ አጠገብ ተቀመጠችና የእሷም ችግር ስድስት ዓመት የሆነው መሆኑን አስመዘገበች። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው በአፍንጫም በቁጣም ይመሳሰላሉ።

ከዚያ አንድ ልብስ ሰፊ ተነሱ። ልጃቸው አራተኛ ክፍል ናት። "መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ እሷ ነች። እኔ የማላየውን ታያለች" አሉ። "መንገድ ስንሻገር ግን ባጃጅ አይታያትም። አጠገቧ ሲደርስ ነው የምትደነግጠው። መምህሩ ሰሌዳ ላይ ያለውን አትገለብጥም ብሎ ኋላ አስቀምጧታል፤ ሰነፍ ናት ብሎ።"

መምህሩ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ነኝ። ልጅቷን ከፊት አንስቼ ኋላ የወሰድኳት በገዛ እጄ ነው፤ የማትገለብጠውን ሰሌዳ ጭራሽ አራቅሁባት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የቀኑ ሞኝነቴ ፊደል ላይ ብቻ ያለ መስሎኝ ነበር። ተነስቼ፣ "ሰኞ ፊት ትቀመጣለች" አልኩ። ልብስ ሰፊው፣ "አመሰግናለሁ መምህር" አሉኝ፤ የእኔን ሱሪ የሚጠግኑልኝም እሳቸው መሆናቸው ትዝ ሲለኝ የባሰ አፈርኩ።

ቀጥለው አንዲት አሮጊት በዱላቸው መሬቱን እየመቱ ተነሱ። እማማ ዘነበች ይባላሉ፤ ቤታቸው ከአጥራችን ጀርባ ነው። ልጅም የልጅ ልጅም እኛ ጋ የላቸውም።

"እኔም ተጠርቻለሁ" አሉ። "ጡሩንባችሁ እያንዳንዷ ብሎ ጠርቶኛል። የእኔ ችግር ራሱ ጡሩንባው ነው። አፉን ወደ መኝታ ቤቴ አዙራችሁ ሰቅላችሁታል። ባሌ ሲሞት ልጄም ዲላ አግብታ ስትሄድ፣ አሁንስ ጸጥ አለ ብዬ ተክዤ ነበር። ይኸው በየማለዳው የገመድ ዝላይ ውድድር ተጠናቀቀ ይለኛል። ማን እንዳሸነፈ እንኳ አይናገርም!"

ፈቲያ ከጠረጴዛው ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ሰዉ እየሳቀ ሳለ ነው አቶ ሌዳሞ የተነሱት። ከከተማው ዳር፣ ከቱላ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። እጃቸው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ ከጎናቸው ልጃቸው ምሕረት ቆማለች። ምሕረትን አውቃታለሁ፤ አምስተኛ ክፍል ናት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ታረፍዳለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ደጅ አቆማታለሁ። አቶ ሌዳሞ አማርኛቸውን በዝግታ፣ ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት።

"የእኔ ችግር መንገድ ነው" አሉ። "ጠዋት ጨለማ ሳለ ነው የምትወጣው። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ዳር ቆማ ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። እኔ እርሻ ላይ ነኝ፤ እጄ ግን አይሠራም። እስክትመለስ ድረስ ልቤ መንገድ ላይ ነው።" ልጃቸውን አላዩም። "ትምህርት ጠልቼ አይደለም። እኔ አልተማርኩም፣ እሷ እንድትማር ነው ያመጣኋት። ግን ባለፈው ሳምንት ውሃው አንድ ጥጃ ወሰደ። ከሰኞ ጀምሮ ትቅር ብያለሁ። ይህንን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።"

ኃላፊው ብዕራቸውን ከደኑ። ምሕረት የሹራቧን እጅጌ ጎትታ ጣቶቿን ደብቃለች። እኔ ደጅ ያቆምኳትን ቀናት መቁጠር ጀመርኩና መቁጠሩን ተውኩት።

የእማማ ዘነበች ዱላ መሬቱን መታ።

"አንቺ ልጅ፣ ታንኮራፊያለሽ?"

ምሕረት ደንግጣ አየቻቸው። "አላንኮራፋም" አለች።

"እኔ አንኮራፋለሁ። ከቻልሽው ከሰኞ እስከ አርብ እኔ ጋ ትሆኛለሽ። የልጄ ክፍል ባዶውን ነው፤ አልጋውም አለ።"

አቶ ሌዳሞ ቀስ ብለው፣ "እማማ፣ አክብሬዎታለሁ። ግን አላውቅዎትም" አሉ።

"እኔስ አውቅሃለሁ? ያ ቆርቆሮው ቀይ የሆነው ቤቴ ነው። ሂድና እየው።"

"እኛ ጴንጤ ነን።"

"እኔ ጾመኛ ነኝ። ረቡዕና አርብ ሥጋ አልሰጣትም።"

"ሥጋ በሌላውም ቀን የላትም" አሉ አቶ ሌዳሞ።

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ናቸው፤ ቀጥሎ ሰዉ በሙሉ ሳቀ። አቶ ሌዳሞ ግን በሳቅ የሚወስኑ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን ይዘው፣ ወይዘሮ እልፍነሽንም አስከትለው ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። የመምሪያው ኃላፊና ያ ሁሉ ወላጅ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። የኳስ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ ነው ሰው እንዲያ ሲጠብቅ ያየሁት። የዲላዋ አማት ሳታስበው የምራቷን እጅ ይዛ ነበር።

ተመለሱ። አቶ ሌዳሞ መሐል ቆሙና፣ "በሩ ከውስጥ ይቆለፋል" አሉ። "መስኮቱም ብረት አለው። እስከ ገና ልሞክረው።"

ጭብጨባው ግራሩ ላይ የነበሩትን ጦጣዎች ሁሉ አባረረ።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ እማማ ዘነበች። "የእኔስ? ልጅቷ እንድታጠና ያ ጡሩንባ ይዙርልኝ።"

ኃላፊው ወይዘሮ እልፍነሽን አዩ፤ ወይዘሮ እልፍነሽ እኔን አዩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ግራር ላይ ወጣሁ። ጡሩንባውን ወደ ሜዳው አዞርኩት። ስወርድ ሱሪዬ ከኋላ አንድ ነገር ላይ ቀረ፤ ድምፁን ሁሉም ሰማ። ልብስ ሰፊው ከተቀመጡበት፣ "ሰኞ ይዘኸው ና መምህር፣ አይታይም" አሉኝ። እሳቸው አይታይም ያሉት ስፌቱን ነው። ሱሪው ግን በዚያች ሰዓት በደንብ ይታይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስብሰባ ጀርባዬን ለዛፉ ሰጥቼ ነው የተከታተልኩት።

በመጨረሻ ኃላፊው ለመናገር ተነሱ። "እኛ መድረክ አዘጋጅተን ችግራችሁን ተናገሩ ስንል ሕዝቡ ዝም ይለናል" አሉ። "እናንተ ምን ብላችሁ ነው የጠራችኋቸው?"

"በሚኒ ሚዲያችን በኩል ነው" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

"ይህ ምርጥ ተሞክሮ ነው። ተቀምሮ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች መስፋት አለበት። በጽሑፍ ይቅረብልኝ።"

"በታይፕ ይቀርባል" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ቶሎ ብለው።

(ቀረበም። ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ወላጅ ጠርተው ችግራችሁን ተናገሩ ቢሉ፣ "ችግር የለብንም፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ተብለው ሻይ ጠጥተው እንደተበተኑ በኋላ ሰማን።)

አንድ ነገር ቀረ። ኃላፊው ዛፍ ሊተክሉ ነው የመጡት፤ ፎቶ አንሺም ይዘዋል። አርባ ጉድጓድ አለ፣ አንድ ችግኝ የለም። ያኔ አቶ ሌዳሞ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ፈቱ። ውስጡ ሥሩ በጭቃ የተሸፈነ የእንሰት ችግኝ ነው። "ሰው ቤት ስሄድ ባዶ እጄን አልሄድም" አሉ። "ልጄን ስላስተማራችሁልኝ ላመሰግን ነበር። ልሰናበታችሁ ስመጣ ማለቴ ነው።"

ኃላፊው ጎንበስ ብለው ተከሉት። ቦታውን የመረጡት ጋሽ ሀሜሶ ናቸው፤ ወደ ጥጉ ወሰዱትና ጠለቅ ያለውን ጉድጓድ አሳዩዋቸው። ጋሽ ሀሜሶ የራሳቸውን ችግር ምንነት ለማንም አልተናገሩም። አፈሩን ሲመልሱበት ግን ሦስት ጊዜ በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት።

ከሰኞ ጀምሮ ዜናውን ፈቲያ ራሷ ትጽፈው ጀመር። የእኔ ሥራ ሽቦውን መያዝ ብቻ ሆነ፤ ለእኔም ለዜናውም ይህ ተሻለ። ማን እንዳሸነፈ ሁልጊዜ ይነገራል። የልብስ ሰፊው ልጅ ፊት ተቀመጠች፤ መነጽር እስኪገኝላትም ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን እየተነሳች በአፍንጫዋ ልትነካው ደርሳ ታነበዋለች። "ቲቸር፣ ይሄ ግን ምንድን ነው የሚለው?" ትለኛለች። ጥፋቱ የዓይኗ እንዳልሆነ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል።

ምሕረትም እማማ ዘነበች ጋ ከረመች። አላረፈደችም። ኅዳር ላይ አንድ ቀን እማማ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝና፣ "ለመሆኑ የክፍልፋይ ሒሳብ እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?" ብለው ደብተር አሳዩኝ። የእርሳሱ ጽሑፍ የሁለት ሰው ነበር።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ አቶ ሌዳሞ መጡ። እስከ ገና ነበር ያሉት። ጋሽ ሀሜሶ በሩን ከፍተው ሲያስገቧቸው እማማ ዘነበች እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ ነጠላቸውን እያጣፉ ከኋላ ደረሱ። ሰላምታ ሰጥተዋቸው ዝም አሉ። እኚያ አፋቸው የማያርፍ ሴት ዝም አሉ።

አቶ ሌዳሞ ወደ አምስተኛ ክፍል መስኮት ሄዱ። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ምሕረት ተነስታ ታነብ ነበር፤ ለመስኮቱ ጀርባዋን ስለሰጠች አባቷን አላየቻቸውም። ሁለት ገጽ ያህል አነበበች። አቶ ሌዳሞ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን መስኮቱ ብረት ላይ አድርገው እስክትጨርስ ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ጠሩኝ። ወጣሁ። ምን ብዬ እንደምለምናቸው እያዘጋጀሁ ነው የወጣሁት።

"መምህር" አሉኝ። "ታናሿ ሰባት ዓመቷ ነው። የሚመዘገበው ማን ጋ ነው?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት እማማ ዘነበች ከኋላችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለታችንንም ሳያዩ፣ አጥሩን እያዩ፣ "አልጋው ሰፊ ነው" አሉ።